ድንበር የሚሻገር የንግድ ክርክር፦ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ከመርካቶ እስከ ዱባይ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ፣ ከደሴና ከጅማ እስከ ጅዳ የተዘረጋው የሙስሊም ነጋዴዎች ትስስር በእጅጉ በመተማመን ላይ የቆመ ነው። ዕቃ በስልክ ይታዘዛል፣ ገንዘብ በቃል ይሰጣል፣ ሽርክና በዘመድና በወዳጅ አገናኝነት ይመሠረታል። መተማመኑ እስካለ ሥራው ይሄዳል። አለመግባባት ሲነሳ ግን አንዱ ወገን በአንድ ክልል ወይም ሀገር፣ ሌላው በሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ንብረቱ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ልክሰስ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ተከሳሹ ንብረቱ የት ነው? ዓመታት የፈጀ ክርክር አሸንፎ የሚያዝ ንብረት ያጣ ሰው በእጁ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርጎ በሀገራችን ሕግ ያሉትን መንገዶች ያሳያል።

ንብረቱ ያለበት ቦታ ለምን ይቀድማል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ዱባይ ለሚኖር ሸሪኩ የመኪና ጎማ እንዲገዛለት ገንዘብ ላከ፤ ዕቃውም ገንዘቡም አልመጣም። ሸሪኩ አዳማ ላይ ቤት ካለው፣ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ፍርድ በዚያ ቤት ላይ ሊፈጸም ይችላል። ከዚህም አልፎ፣ ተከሳሹ ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ካለ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከፍርድ በፊት ንብረት እንዲከበርና የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህ አቤቱታ ዘግይቶ ከቀረበ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ሸሪኩ ያለው ንብረት ዱባይ የሚገኝ ሱቅና የባንክ ሒሳብ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ፍርድ እዚያ በራሱ ኃይል የለውም፤ የዚያ ሀገር ፍርድ ቤት ተቀብሎ እንዲያስፈጽመው ሌላ አቤቱታ ይጠይቃል። ስለዚህ ክሱን ከመጀመሪያው እዚያው ማቅረብ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በዱባይ መደበኛ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ዐረብኛ ነው። የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ፍርድ ቤቶች ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ሲሆን፣ ተዋዋዮች በጽሑፍ ከተስማሙ የእነሱን ሥልጣን መምረጥ ይችላሉ።

በክልሎች መካከል የሚነሳ ክርክር

ተሻጋሪ ክርክር የሚባለው የውጭ ሀገር ንክኪ ያለው ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያሏት ሀገር ናት። የደሴ ነጋዴ የጅማ ቡና አቅራቢን ሲከስ ተከራካሪዎቹ በተለያዩ ክልሎች የሚኖሩ ቋሚ ነዋሪዎች በመሆናቸው ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ አዲስ አበባ መምጣት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ይህን ሳያውቅ ለወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ያቀረበ ሰው ወራት ከቆየ በኋላ «ሥልጣን የለንም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ቦታውን በተመለከተ መሠረታዊው ደንብ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት አካባቢ መክሰስ ነው። የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ግን ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ነው የሚታየው።

ተከሳሽ የሆነ ሰውም ሊጠነቀቅ ይገባል። ክሱ ያለ ቦታው ቀርቧል የሚል መቃወሚያ ካለው በመጀመሪያው የመልስ ጊዜ ማንሳት አለበት። በዝምታ ወደ ክርክሩ ከገባ በኋላ የሚያነሳው የቦታ መቃወሚያ ተቀባይነት ያጣል። ፍርድ ቤቱ የሥረ ነገር ሥልጣን የለውም የሚለው መቃወሚያ ግን ከዚህ ይለያል፤ ፍርድ ቤቱ በራሱም ሊያነሳው ይችላል።

የውጭ ሀገር ንክኪ ሲኖር

ከተከራካሪዎቹ አንዱ የውጭ ዜጋ ሲሆን፣ ወይም ውሉ የተደረገውና የሚፈጸመው በውጭ ሀገር ሲሆን፣ ክርክሩ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ራሱን የቻለ ዝርዝር ሕግ ስለሌላት፣ የትኛው ሀገር ሕግ እንደሚገዛ በውሉ ውስጥ በግልጽ ጽፎ መነሳት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ በውጭ ሀገር ፍርድ ቤት የተጀመረ ክስ መኖሩ ብቻውን የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በዚያው ጉዳይ የቀረበለትን ክስ ከመስማት አያግደውም። ሁለተኛ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖርና እዚህ በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ከሳሽ ለተከሳሹ ወጪ ዋስትና እንዲያስይዝ ሊታዘዝ ይችላል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እስከምን ነው?

ሁለቱም ወገኖች ሙስሊም ስለሆኑ የንግድ ክርክራቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል ብለው የሚያስቡ አሉ። ሕጉ እንዲህ አይልም። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነትና በቤተሰብ ዝምድና፣ እንዲሁም በወቅፍ፣ በሂባ (ስጦታ)፣ በውርስና በኑዛዜ ጉዳዮች ላይ ወስኖታል። የዕቃ ሽያጭ፣ የሽርክና ትርፍ ክፍፍልና የንግድ ብድር በዚህ ውስጥ አይገቡም።

በእነዚህ ጉዳዮችም ቢሆን መሠረቱ ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ተከሳሹ አልስማማም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ተከሳሽ ግን እንደተስማማ ተቆጥሮ ክሱ በሌለበት ሊሰማ ይችላል። አንዴ ከተስማሙ በኋላም በመሐል ሐሳብ ቀይሮ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ሸሪክ ሲሞት ነው። የሟች ወራሾች የውርስ ድርሻቸውን በስምምነት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያስወስኑ ይችላሉ። በሕይወት ያለው ሸሪክ ከሟች ንብረት ላይ የሚጠይቀው ዕዳ ወይም የሽርክና ድርሻ ግን የንግድ ጥያቄ ስለሆነ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። በሸሪዓም ቢሆን ዕዳ ከውርስ ክፍፍል ይቀድማል። ስለዚህ ወራሾች ድርሻ ከመከፋፈላቸው በፊት የሽርክናው ሒሳብ መተሳሰቡ ኋላ ላይ ቤተሰብን ከሚበትን ክስ ያድናል።

በውጭ ሀገር የተሰጠ ፍርድ እዚህ ይፈጸማል?

ይፈጸማል፤ ግን በቀጥታ አይደለም። አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 458 አምስት ነጥቦች እንዲሟሉ ይጠይቃል፦

• ፍርዱ የተሰጠበት ሀገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ፤
• ፍርዱን የሰጠው በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት መሆኑ፤
• ተከሳሹ ቀርቦ መከላከያውን የማሰማት ዕድል ያገኘ መሆኑ፤
• ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑ፤
• ፍርዱ ከሕዝብ ጸጥታና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይቃረን መሆኑ።

ብዙ አቤቱታ የሚያደናቅፈው የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ የዚያ ሀገር አሠራር በማስረጃ መደገፍ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በሪያድ የተፈረመው የዐረብ ሀገራት የፍትሕ ትብብር ስምምነት አባል ሀገራት አንዳቸው የሌላውን ፍርድ እንዲያስፈጽሙ ያግዛል። ኢትዮጵያ ግን የዐረብ ሊግ አባል ስላልሆነች የጅዳ ወይም የዱባይ ፍርድ በዚህ ስምምነት ወደ እኛ ሀገር አይመጣም።

የግልግል ዳኝነት

ፍርድ ድንበር መሻገር የሚያዳግተውን ያህል፣ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ በቀላሉ ይሻገራል። ኢትዮጵያ የውጭ ሀገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የሚደነግገውን የ1958 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች፤ ስምምነቱም ከኅዳር 2013 ዓ.ም ጀምሮ ይጸናባታል። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ቱርክና ቻይናም አባላት ናቸው። ስምምነቱ ኢትዮጵያ ከመቀላቀሏ በፊት ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶች አያገለግልም።

የሀገር ውስጡን አሠራር የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ተዋዋዮች በሸሪዓ የንግድ ድንጋጌዎች ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ዳኛ አድርገው መምረጥም ይችላሉ። ፍቺ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ የግብር ጉዳይ፣ ኪሳራና የመሬት ጉዳይ ግን ለግልግል አይቀርቡም።

በውሉ ላይ «አለመግባባት ቢነሳ በሽማግሌ ይፈታል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ግልግል ይሁን ዕርቅ አይለይም። የዳኞቹ ቁጥርና አመራረጥ፣ የግልግሉ መቀመጫ ከተማ፣ ቋንቋውና የሚገዛው ሕግ መጠቀስ አለባቸው። ክርክሩ በሱልሕ ካለቀም የዕርቁን ስምምነት በጽሑፍ አድርጎ፣ ክስ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ በፍርድ ቤት ማስመዝገብ ይገባል። የተመዘገበ ዕርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ውክልናና ሰነድ

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና ይልካሉ። ብዙዎች «ጠቅላላ ውክልና» ሁሉንም የሚያሠራ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ተወካይ ያለ ልዩ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መታረቅ፣ በግልግል ለመዳኘት መስማማት፣ መክሰስም ሆነ ለክስ መልስ መስጠት አይችልም ይላል። እነዚህ ሥልጣኖች አንድ በአንድ መዘርዘር አለባቸው።

በውጭ ሀገር የተዘጋጀ ውል ወይም ደረሰኝ በዚያው ሀገር በሚመለከተው አካልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ ከዚያም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ ይኖርበታል። በዐረብኛ የተጻፈ ከሆነ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ይቀርባል።

ማስረጃና ይርጋ

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ምስክር ስላለኝ ይበቃኛል ማለት አይቻልም። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና ሁለት ምስክሮች እንዲቆሙ መታዘዙን የማያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ሕጉም በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። ከባንክ ውጭ በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ ስለሌለው ለመካካድ በር ይከፍታል፤ ከውጭ ምንዛሪ ሕግ ጋርም ያጋጫል።

ይርጋም ይቆጠራል። ለውል ግዴታ መደበኛው ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። የሌሎች ሀገራት ጊዜ ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል «ወንድሜ ነው፣ ትንሽ ልታገሠው» የሚል ሰው ትዕግሥቱን ቢያንስ በተፈረመ የዕዳ ማመኛ ማስደገፍ ይኖርበታል።

በመጨረሻም

ክስ ከመመሥረቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መመለስ ይጠቅማል፦ ተከሳሹ የት ይኖራል? ንብረቱ የት ነው? ውሉ የትኛውን ፍርድ ቤት ወይም ግልግል ይጠቅሳል? በእጄ ያለው ማስረጃ ምንድን ነው? እነዚህን ይዞ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ የሚሄድ ሰው ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥያቄዎቹን ውሉ በሚፈረምበት ቀን፣ ገና ሁለቱም ወገኖች በመልካም ፈቃድ ላይ ሳሉ መመለስ ነው። ከወንድም ጋር በሚደረግ ንግድ ሁሉን በጽሑፍ ማስፈር አለመተማመን አይደለም፤ ገንዘቡንም ወንድማማችነቱንም የሚጠብቅ አማና ነው።