የራዳር ከፍታ ልኬት ካሊብሬሽን

የራዳር ከፍታ ልኬት ካሊብሬሽን ማለት ከሕዋ በራዳር የተለካ የመሬት ከፍታ ከእውነተኛው ጋር እንዲገጥም የመሣሪያውን ስሕተት ፈልጎ ማረም ነው። ስመ ጥሩ ምሳሌው ኤስአርቲኤም በሚል ምህጻር የሚታወቀው ተልእኮ ነው። ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 11 እስከ 22 ቀን 2000 ምድርን እየዞረች ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ያለውን የብስ ለካች፤ ይህም ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉ ነው።

ራዳር ከፍታን በቀጥታ አይለካም። ኢንዴቨር አንዱን አንቴና በጭነት ክፍሏ፣ ሌላውን በ60 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ ይዛ ነበር። ከመሬት ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ ሁለቱ ዘንድ በጥቂቱ ተለያይቶ ይደርሳል፤ ከፍታው የሚሰላው ከዚህ ልዩነትና ከአንቴናዎቹ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ አቀማመጡ በትክክል ካልታወቀ ከፍታውም አይታወቅም። ምሰሶው የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ያህል ሳይታወቅ ቢያዘም፣ 200 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ርቆ ያለ ቦታ ከፍታው 1 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ስሕተቱ ከርቀት ጋር ስለሚያድግ ሜዳው ተዳፋት መስሎ ይታያል።

ምሰሶው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ መንኮራኩሯ ሞተሮቿን ባስነሳች ቁጥር ይወዛወዛል። ጫፉ ላይ ተገጥሞ አቋሟን እንዲያግዝ የታሰበው የጋዝ መግፊያም ስለተበላሸ ከመንኮራኩሯ ነዳጅ ተጨማሪ መጠቀም ግድ ሆነ። እንቅስቃሴውን ለመከታተል ከዋክብትን የሚያይ ካሜራ፣ ጂፒኤስና ጋይሮስኮፕ ተገጥመው ነበር፤ ሌላ ካሜራ በውጪው አንቴና ላይ የበሩ መብራቶችን ይከታተላል፣ ሌዘር ደግሞ ርቀቱን ይለካል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስሕተት ይተርፋል። እዚህ ላይ የረዳው ባሕር ነው። የውቅያኖስ ገጽ ከፍታ ከቀደሙ ሳተላይቶችና ከባሕሩ መሙላትና መጉደል ስሌት በደንብ ይታወቃል፤ ራዳሩ ባሕር ላይ ያነበበው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የምሰሶው ዝንባሌ ይገለጣል። ብዙ ሰው የምሰሶውን ርዝመት ያደንቃል፤ የካርታው ጥራት ግን ለባሕሩ ብዙ ዕዳ አለበት። በየብስ ላይ ደግሞ ጂፒኤስ የተጫነባቸው መኪኖች በየመንገዱ እየተነዱ የማጣሪያ ነጥብ ሰበሰቡ።

በዕቅዱ መሠረት ከልኬቶቹ 90 በመቶው ከ16 ሜትር የበለጠ እንዳይሳሳት ተፈልጎ ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ ስሕተቱ በአፍሪካ 5.6፣ በሰሜን አሜሪካ 9 ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ካሊብሬሽን የማያቃናው ነገርም አለ። 5.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ጥቅጥቅ ያለ ደንን ዘልቆ መሬት ስለማይደርስ የዛፉን ቁመት ከመሬቱ ጋር ይደምራል። ገደል ከሞገዱ በሚሸሸግበት ቦታ ደግሞ ምንም ልኬት አይገኝም፤ እንደ ስሜን ባሉ ገደላማ ተራሮች ላይ ሊከፈት የሚችለው ባዶ ቦታ ከሌላ ምንጭ ካልተሞላ ካርታው ቀዳዳ ይኖረዋል።

ከአሜሪካ ውጪ ያለው መረጃ መጀመሪያ የወጣው በ90 ሜትር የነጥብ ርቀት ነበር፤ የ30 ሜትሩ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን አፍሪካ ቀዳሚ ሆነች። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጠቁት ታንደም ኤክስ ምሰሶውን ትቶ ሁለት ሳተላይቶችን ጎን ለጎን አበረረ። ማስተካከያው ግን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2009 ካቆመው አይስሳት የተባለ ሳተላይት የሌዘር ልኬቶች ተወሰደ።