በወርቁ ላይ ያልተቀረጹት እጆች

የአንድ ዘመን ገንዘብ የመገበያያ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ገዢዎች ስለ ራሳቸው እንዲነገር የሚሹትን የሚያስቀርጹበት ሰሌዳም ጭምር ነው። የእስፓኝ ነገሥታት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ያስመቱት የወርቅ ገንዘብ ለዚህ ጉልህ ምስክር ነው።

«ኤስኩዶ» የተባለው የወርቅ ሳንቲም በካስቲል የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1537 ሲሆን፣ ትርጉሙ ጋሻ ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1533፣ ወራሪዎቹ ለኢንካው ንጉሥ ለአታሁአልፓ ቤዛነት የተሰበሰበውን ወርቅ በካሃማርካ አቅልጠውት ነበር። የማቅለጡን ሥራ እንዲሠሩ የታዘዙት የአገሬው አንጥረኞች ናቸው፤ የሕዝባቸው ጥበብ በገዛ እጃቸው ወደ ጥፍጥፍ ወርቅ ተለወጠ። ከዚያም ከአምስት አንድ እጅ ለእስፓኝ ንጉሥ ተለየ።

በቅኝ ግዛቶቹ የወርቅ ገንዘብ መመታት የጀመረው በ1622፣ በዛሬይቱ ኮሎምቢያ ነው። ሊማና ሜክሲኮ ኋላ ተከተሉ። ሠራተኞቹ ወርቁን ቆራርጠው፣ ልኩን እስኪይዝ ጠርዙን ከርክመው፣ ማኅተሙን በመዶሻ ይመቱበት ነበር። ትልቁ፣ ባለ 8 ኤስኩዶው፣ 27 ግራም ያህል ይመዝናል።

በቾኮና በፖፓያን ወርቁን ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ ያወጡ የነበሩት ግን ከአፍሪካ የተጋዙ ባሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። በሣልሳዊ ካርሎስ ዘመን በተመታው ሳንቲም ላይ «በአምላክ ጥበቃ በሁለቱም ደስተኛ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ይነበባል፤ «ሁለቱም» የተባሉት የውቅያኖሱ ሁለት ዳርቻዎች እንደሆኑ ይተረጎማል። ይኸው ንጉሥ ከ1772 ጀምሮ በምስጢር ትእዛዝ የወርቁን ጥራት ከ1,000 እጅ 917 ከነበረው ወደ 901፣ በ1786 ደግሞ ወደ 875 አወረደው። ጽሑፉ ሳይለወጥ ወርቁ ጎደለ።

በቾኮ አንዳንድ ባሮች በእሑድና በበዓላት ቀን ለራሳቸው ወርቅ ያጥቡ ነበር። ያንን ብናኝ ለዓመታት አጠራቅመው ለጌታቸው በመክፈል የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ነጻነት ገዙ። በኮሎምቢያ ባርነትን የሻረው ሕግ የወጣው በ1851 ነው።

ዛሬ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ የሚያበራው ሳንቲም የሚያሳየው የንጉሡን መልክ ነው። ተመልካቹ ግን ከመልኩ በስተጀርባ ያሉትን፣ ወርቅ ያቀለጡትንና ነጻነታቸውን በሚዛን የገዙትን፣ ሊያስታውስ ይገባዋል።