ስሑት ፍረጃ፦ ጸረ-ቫይረስ ጤነኛውን ፋይል ሲያስወግድ

«ስሑት ፍረጃ» በኮምፒውተር ደኅንነት ሙያ «ፎልስ ፖዘቲቭ» ለሚባለው ቃል የቀረበ የአማርኛ አቻ ነው። ጸረ-ቫይረስ ወይም ሌላ የደኅንነት ፕሮግራም ምንም ጉዳት የሌለውን ፋይል «አደገኛ ነው» ብሎ ሲመድብ፣ ያ ምደባ ስሑት ፍረጃ ይባላል። ቃሉ በሕክምና ምርመራም ይሠራል፤ ያልታመመ ሰው «ታመዋል» የሚል ውጤት ሲደርሰው የተፈጠረው ስሕተት ይኸው ነው። «ሐሰተኛ» ከማለት ይልቅ «ስሑት» የተመረጠው ፕሮግራሙ የሚሳሳት እንጂ የሚያታልል ባለመሆኑ ነው። «ፍረጃ» የተባለውም ማስጠንቀቂያው ገና ያልተጣራ ምደባ መሆኑን እንዲያሳስብ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ የጸረ-ቫይረስ ማስጠንቀቂያ ጥርጣሬ ነው፤ በጥርጣሬ የሚወሰድ እርምጃ ደግሞ ሁልጊዜ ወደኋላ ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት።

ይህ አባባል ከምን እንደመነጨ የሚያሳይ በደንብ የታወቀ ጉዳይ አለ። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010) ማካፊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቁጥሩ 5958 የሆነ የጸረ-ቫይረስ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ለቀቀ። ማሻሻያው «ዌኮርል» በሚል ስም የሚታወቅ ቫይረስ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ግን የያዘው ቫይረሱን ሳይሆን «ኤስቪሲሆስት» የሚባለውን የዊንዶውስ የራሱን ፋይል ሆነ። ይህ ፋይል ኔትወርክን ጨምሮ በርካታ የሲስተሙ አገልግሎቶች የሚሠሩበት በመሆኑ፣ እሱ ሲወገድ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ይወጣል፤ እየጠፋም ደጋግሞ ይነሣል። ኢንቴልን የመሰለ ግዙፍ ኩባንያ፣ የሮድ አይላንድ ሆስፒታሎችና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ማካፊ የተሳሳተውን ማሻሻያ ፈጥኖ አንሥቶ በ5959 ተካው። ይሁን እንጂ ከኔትወርክ ለወጣ ኮምፒውተር ማረሚያውን በኔትወርክ መላክ አይቻልም። ባለሙያዎች ፍላሽና ሲዲ ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ አንድ በአንድ መጠገን ግድ ሆነባቸው።

በዚህ ጥገና ውስጥ ሁለት ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ጤነኛው ቅጂ በአብዛኛው እዚያው ኮምፒውተር ላይ መገኘቱ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የዋና ዋና ፋይሎቹን መጠባበቂያ «ዲኤልኤል ካሽ» በተባለ ፎልደር ያስቀምጥ ስለነበር፣ ፋይሉን ከዚያ ቀድቶ «ሲስተም 32» ወደተባለው ቦታው መመለስ ይቻል ነበር። ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። የተሳሳተው ማሻሻያ ሳይታረም ፋይሉ ብቻ ቢመለስ፣ ጸረ-ቫይረሱ የተመለሰውንም መልሶ ያነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈራጁ ይታረማል፤ የተወገደው ፋይል ወደ ቦታው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ማካፊ በዚህ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 የሲማንቴክ ጸረ-ቫይረስ በቻይንኛው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ያሉ ሁለት የሲስተም ፋይሎችን ቫይረስ ብሎ ፈርጆ ኮምፒውተሮች እንዳይነሡ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ደግሞ ኤቪጂ የተባለው ጸረ-ቫይረስ «ዩዘር 32» የተባለውን መሠረታዊ የዊንዶውስ ፋይል «ትሮጃን» የሚባል ጎጂ ፕሮግራም ነው ብሎ አስወግዷል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ማሻሻያ ያስከተለው ቀውስ ግን ከዚህ ይለያል። ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ያቆመው ችግር የመጣው የክራውድስትራይክ የራሱ ፋይል ብልሽት ስለነበረበት ነው፤ ጤነኛ ፋይል ስለተፈረጀ አይደለም። ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው መፍትሔያቸው ተቃራኒ ስለሆነ ነው። በዚያኛው የተበላሸው ፋይል መሰረዝ ነበረበት፤ በስሑት ፍረጃ ግን የተወሰደው ፋይል መመለስ አለበት።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? ጸረ-ቫይረስ ፋይሎችን የሚመረምረው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው የታወቁ ቫይረሶችን መለያ ከፋይሉ ይዘት ጋር ማመሳሰል ነው፤ ሁለተኛው ፋይሉ የሚያደርገውን አይቶ መገመት ነው። መለያው አጭር ወይም ልቅ ከሆነ ጤነኛ ፋይልም ሊገጥመው ይችላል። ግምቱም ቢሆን የሲስተም ፋይሎች በባሕርያቸው እንደ ቫይረስ ወደ ጥልቅ የኮምፒውተሩ ክፍል ስለሚገቡ ሊያሳስት ይችላል። በዚህ ላይ የብዛት ጉዳይ አለ። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮምፒውተር 200,000 ፋይሎች ቢኖሩትና ፕሮግራሙ ከ100,000 ፋይሎች በአንዱ ብቻ ቢሳሳት፣ አንድ ሙሉ ምርመራ በአማካይ 2 ስሑት ፍረጃ ያስከትላል። ኮምፒውተሩ ከቫይረስ ነጻ ከሆነ ደግሞ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው። ጥሩ የሚባል ፕሮግራም እንኳ ማስጠንቀቂያው እንደ መጨረሻ ውሳኔ ሊወሰድ የማይገባው ለዚህ ነው።

ከምርመራ በኋላ ኮምፒውተር ሲታወክ የሚሠራውም ከዚሁ ይከተላል። ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ፣ መጀመሪያ የጸረ-ቫይረሱን የታሪክ መዝገብ ከፍቶ የተወሰደውን ፋይል ስም፣ የነበረበትን ፎልደርና የተሰጠውን የቫይረስ ስም መመዝገብ ነው። ቀጥሎ ጸረ-ቫይረሱን አድሶ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል፤ አምራቹ ስሕተቱን ካረመ ፍረጃው ራሱ ይነሣል። ፋይሉ የማይክሮሶፍት ዲጂታል ፊርማ እንዳለው ማየት፣ «ቫይረስቶታል» በተባለው አገልግሎት በብዙ ጸረ-ቫይረሶች ማስፈተሽም ይጠቅማል፤ የግል ሰነድ ግን ወደዚያ አይላክም። ጤነኛነቱ ከተረጋገጠ ከለይቶ ማቆያው ይመለሳል። ለይቶ ማቆያ የተጠረጠረው ፋይል እንዳይሠራ ታግዶ፣ ሳይሰረዝ የሚቆይበት ቦታ ነው። ፋይሉ ጨርሶ ተሰርዞ ከሆነ፣ በአሁኑ ዊንዶውስ «ሲስተም ፋይል ቼከር» የጎደሉትን ፋይሎች ካስቀመጠው መጠባበቂያ ይተካል፤ መጠባበቂያው ራሱ ከተበላሸ «ዲዝም» የተባለው መሣሪያ ያድሰዋል። ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ፣ በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሥቶ ከጥገና ክፍሉ ይኸንኑ ማድረግ ይቻላል። የጎደለን ፋይል ከማይታወቅ ድረ-ገጽ አውርዶ መተካት ግን አይገባም፤ እውነተኛው ቫይረስ የሚገባው እንዲህ ባለው በር ነውና።

«ቫይረስ ከሚያመልጥ ጤነኛ ፋይል ቢጠፋ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አንገደድም። በለይቶ ማቆያ ያለ ቫይረስ መሥራት ስለማይችል፣ መሰረዝ የሚሰጠውን ጥበቃ ማቆየትም ይሰጣል። የሲስተም ፋይል ሲሆን ግን ማቆየቱም ዊንዶውስን ሊያቆም ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ በራሱ ከመወሰኑ በፊት ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ ማድረግ ይሻላል። «ቫይረሶች የሲስተም ፋይል ስም ይዋሳሉ» የሚለውም እውነት ነው። «ኤስቪሲሆስት» በሚል ስም በሌላ ፎልደር የተቀመጠ ፋይል ሊያስጠረጥር ይገባል፤ ፎልደሩን መመዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። «ሳሊቲ» እና «ቫይሩት» እንደተባሉት ያሉ ቫይረሶች ደግሞ እውነተኛ የፕሮግራም ፋይሎችን ይበክላሉ። ያኔ ፍረጃው ትክክል ነው፤ የተበከለው የሲስተም ፋይል ከሆነ ግን በንጹሕ ቅጂ ሳይተካ መሰረዙ ብቻ ኮምፒውተሩን ያቆመዋል።

ሦስተኛውና በጥገና ቤቶች የሚዘወተረው አስተያየት «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ በእርግጥ በጠላፊ እጅ ከወደቀ፣ ወይም ቫይረሱ በየፋይሉ ከተሰራጨ፣ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ለአንድ በስሕተት ለተወሰደ ፋይል ግን የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የድርጅት ሒሳብ አብሮ እንዲጠፋ ማድረግ ከጉዳቱ የከፋ ጥገና ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ለሌለው ሰው ደግሞ ኪሣራው የማይመለስ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ የጸረ-ቫይረስዎን ማስተካከያ ይክፈቱ። «በራስህ ሰርዝ» በሚለው ላይ ከሆነ፣ «ጠይቀኝ» ወይም «ለይተህ አቆይ» ወደሚለው ይለውጡት። አስፈላጊ ፋይሎችዎን በውጭ ሃርድ ዲስክ ቀድተው ያስቀምጡ። ከምርመራ በኋላ ኮምፒውተርዎ ቢታወክና ወደ ባለሙያ ቢወስዱት ደግሞ፣ ፎርማት ከመፍቀድዎ በፊት «ጸረ-ቫይረሱ የወሰደው ፋይል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።