ከስዊቹ ጀርባ፦ የስታክ ታሪክና የተኳኋኝነት ወሰኑ



የኔትወርክ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የስምምነት ታሪክ ሆኖ ይተረካል። በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተወለደው ኢተርኔት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በ1980 የዲጂታል፣ የኢንቴልና የዜሮክስ የጋራ ሰነድ ሆነ፤ በ1983 ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ እንደ መስፈርት አጸደቀው። ስለዚህም የተፎካካሪ ኩባንያዎች ስዊቾች በአንድ ተራ ኬብል ይግባባሉ። እኔ የማተኩረው ይህ ስምምነት ባልደረሰበት ስፍራ ላይ ነው።

በ2003 ሲስኮ ካታሊስት 3750ን ስታክዋይዝ ከተባለው ዘዴ ጋር አቀረበ። እስከ 9 ስዊቾች ከጀርባቸው በልዩ ኬብል በቀለበት መልክ ተያይዘው እንደ አንድ መሣሪያ ይተዳደራሉ፤ አንዱ ይመራል፣ እርሱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል። ለዚህ ግን መረጃ መለዋወጥ ብቻውን አይበቃም። አባላቱ የሶፍትዌር እትማቸውና የማህደረ ትውስታ ክፍፍላቸው ካልተጣጣመ አዲሱ ስዊች እንደ ሙሉ አባል አይሠራም።

ሞዴሎች ሲቀላቀሉ ወሰኑ ጎልቶ ይታያል። በሰከንድ 64 ጊጋቢት የሚችለው የ3750-ኢ ቀለበት አንድ አሮጌ 3750 ከገባበት ወደ 32 ይወርዳል። 2960-ኤክስ ብቻውን እስከ 8 ይደረደራል፤ ከ2960-ኤስ ጋር ሲሆን ከ4 አያልፍም። በ2013 የመጣው 3850 ደግሞ ከ3750 ጋር ጨርሶ አይደረደርም።

ይህ ሁሉ ደንበኛን ለማሰር የተሸረበ ነው የሚሉ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። የትውልዶቹ ቺፕ በእርግጥ ይለያያል፤ ሆኖም በ2000 ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ የማጣመር መስፈርት የወጣበት ኢንዱስትሪ ለስታክ ተመሳሳይ የጋራ መስፈርት አላበጀም።

ጉዳቱ የሚያርፈው ዕቃ በየበጀት ዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ በጨረታ በሚገዛ ተቋም ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ያውቁታል። የመጀመሪያው ሞዴል ከገበያ ሲወጣ ተተኪው ወደ ነባሩ ስታክ አይገባም። ባለሙያው አዲስ ስታክ ለብቻው ያቆምና ሁለቱን በፊት ለፊት ፖርታቸው፣ በዚያው በተለመደው ኢተርኔት ያገናኛቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚያስተዳድረው ሁለት ውቅር፣ የሚያድሰውም ሁለት ሶፍትዌር ይሆናል።