የመንግሥት ትምህርት ቤት ምርጫ በምዕራብ ጎጃም

የትምህርት ቤት ምርጫ ወላጆች ልጃቸው የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚወስኑበት አሠራር፣ እንዲሁም ይህን ውሳኔ የሚፈቅድ ወይም የሚገድብ ፖሊሲ ነው። በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በዞኑ ዋና ከተማ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ መንግሥት ገንዘብ እየሰጠ ወላጅ የሚመርጥበት ሥርዓት የለም። ልጆች በአብዛኛው የሚመዘገቡት ለመኖሪያቸው ቅርብ በሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም ወላጆች በተግባር ይመርጣሉ። መንገዱ፣ የቤት ኪራዩና ስንቁ የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ስለሆነ የመምረጥ ዕድል በኑሮ አቅም ይወሰናል።

ታሪክ

በጎጃም ትምህርት ፍለጋ ከቤት ርቆ መሄድ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የነበረ ልማድ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪ የሚመርጠው መምህሩን ነው። ፊደልና ዳዊት በመንደሩ ደብር ከተማረ በኋላ ዜማ፣ ቅኔ ወይም የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመማር ስመ ጥር መምህር ወዳለበት ቦታ ይሄዳል። ዋሸራ በቅኔ የታወቀ ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስም ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ይቀበሉ ነበር። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ተሰውሮ ይሄድና ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ የተከፈቱት በከተሞች ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ገበሬው የትምህርት ግብር ይከፍል ነበር፤ ልጁን ለማስተማር ግን ከተማ መላክ ነበረበት። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ የገጠር ትምህርት ቤቶችም በዙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ አደረገ። ከዚያ በኋላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ገጠር ቀበሌዎች ተስፋፉ፤ ብዙዎቹም በነዋሪው ጉልበት፣ እንጨትና ገንዘብ ተሠርተዋል።

አንደኛ ደረጃ

አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ7 ዓመት ነው። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት «ኦ ክፍል» የሚባል አንድ ዓመት አለ። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ የሚዛወር ተማሪ የውጤት ካርዱንና ከነበረበት ትምህርት ቤት የተጻፈ መሸኛ ይዞ ይቀርባል።

በዚህ ደረጃ ርቀት ከሁሉ ይበልጣል። ልጅ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገዱ ይቆረጣል። ሁለት ትምህርት ቤት የሚደርስበት ወላጅ ድልድይ ያለበትን መንገድ ወይም የጎረቤት ልጆች በብዛት የሚሄዱበትን ይመርጣል። ለሴት ልጅ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ወላጆች በመንገድ ላይ ጠለፋና ጥቃት ይፈራሉ። ፈረቃም ይታያል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁ ግማሽ ቀን ለሥራ እንዲቀርለት የሚያመች ፈረቃ ይፈልጋል።

አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ከተማ ካለ አጎት ወይም አክስት ጋር ያስጠጋል። ልጁ የዘመድ ቤት ሥራ እያገዘ በከተማው ትምህርት ቤት ይማራል።

ሁለተኛ ደረጃ

በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ቀደም ሲል፣ እስከ 2011 ዓ.ም. በተሰጠው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ወደ መሰናዶ የሚያልፈውን ተማሪ የሚወስነው ውጤቱ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ደረጃ ያነሱ ስለሆኑ ብዙ የገጠር ተማሪዎች ከቤታቸው መውጣት አለባቸው። በፍኖተ ሰላም የዳሞት፣ በቡሬ የሽኩዳድ ትምህርት ቤቶች ከዙሪያቸው የገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይመጣላቸዋል፤ ወይም ዓርብ ወደ አገር ቤት ሄደው እሑድ ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። በገበያ ቀን ከተማ የሚወጣ ወላጅ ስንቁን ያደርሳል፤ ልጁ መማሩንም ያያል።

ጊዜው ለገበሬ አይመችም። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ በቆሎውም በርበሬውም ገና አልተሰበሰበም፣ ጎተራው ጎድሏል። የመጀመሪያው ኪራይ ብዙ ጊዜ በብድር ወይም በበግና ፍየል ሽያጭ ይከፈላል። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ማን ከተማ እንደሚሄድና ማን እርሻ ላይ እንደሚቀር ይወስናል። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት እንድትከራይ የማይፈቅድ ወላጅ ትምህርቷን 8ኛ ክፍል ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

የመረጃ ምንጮች

ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። መለኪያዎቹ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ሲሆኑ፣ መስፈርቱን አሟሉ የሚባሉት ደረጃ 3ና 4 ያገኙት ናቸው። በገጠር ያለ ወላጅ ግን ይበልጥ የሚያምነው የሚያየውንና የሚሰማውን ነው፦ መምህሩ በየቀኑ ይገኛል ወይ፣ የጎረቤት ልጅ ማንበብ ቻለ ወይ፣ ከትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባም የመረጃ ምንጭ ነው፤ በዚያ መዋጮም ይወሰናል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤት ይበልጥ ያነጋግራል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለአራት ዓመት ኪራይና ስንቅ ላወጣ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ልጁን መላክ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ አስነስቷል።

በሌሎች አገሮች

ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1992 የመንግሥት ገንዘብ ወላጅ ወደመረጠው ትምህርት ቤት እንዲከተል አድርገዋል። ደጋፊዎች ውድድሩ ጥራትን ያሻሽላል ይላሉ፤ ተቺዎች ደግሞ ሀብታምና ድሃ ልጆችን ይለያል ይላሉ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለውድድር የሚሆን ቅርብ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የለም። መለያየቱ ግን አለ፦ ኪራይ መክፈል የሚችለው ሲሄድ የማይችለው ይቀራል። ተነሣሽነት ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያወጡ የቀበሌው ትምህርት ቤት ጠያቂ ወላጆቹን ያጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተስፋፋው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ምዕራብ ጎጃም ግጭቱ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ጊዜ የወላጆች ጥያቄ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል ከሚለው ይልቅ የትኛው ክፍት ነው፣ መንገዱስ ሰላም ነው ወይ ወደሚለው ተለውጧል። ዘመድ ወይም ገንዘብ ያላቸው ልጆቻቸውን ወደ ሌሎች ከተሞች ሲልኩ፣ የሌላቸው የቀበሌያቸው ትምህርት ቤት እስኪከፈት ይጠብቃሉ።