የውስጥ አርበኛ፣ ህቡዕ፣ ሰርጎ ገብ

ተክለ ሃይማኖት ቆመን የምንሰማው የወያላ ጥሪ፣ ‹‹መርካቶ! መርካቶ!››፣ ከጣልያን ወረራ (1928-1933 ዓ.ም.) የተረፈን ቃል ነው። ያው ዘመን ግን የራሳችንንም ቃል አስወልዶናል፤ ‹‹የውስጥ አርበኛ››። ጫካ ያልገባ፣ እዚሁ ከተማ ከጠላት ጋር እየዋለ ለአርበኞች በስውር ጥይትና መረጃ የሚያቀብል ማለት ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚሁ ተይዘው እስከ ጣልያኗ አሲናራ ደሴት ተግዘዋል።

በ1960ዎቹ ደግሞ ‹‹ህቡዕ›› የሚለው የግዕዝ ቃል የፖለቲካ ሆነ። ኢሕአፓ ‹‹ዴሞክራሲያ››ን በህቡዕ ይበትን ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ወረቀቷ ኪስ ውስጥ መገኘቷ ብቻ ሕይወት ታስከፍላለች።

‹‹ሰርጎ ገብ›› ግን ለየት ይልብናል። ሥራው ያው መደበቅ ነው፤ ቃሉ ግን የአሳዳጁ ነው። ‹‹የውስጥ አርበኛ ነበርኩ››፣ ‹‹ህቡዕ ገብቼ ነበር›› ብሎ የተረከ ሞልቷል። እስቲ ‹‹ሰርጎ ገብ ነበርኩ›› ያላችሁ ሰው አለ?