የቴሌቪዥን ገመድን ማን መረጠው?

የቤት ቴሌቪዥን ገመድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ደካማው ለተሻለው ቦታ እየለቀቀ የመጣበት የጥራት ጉዞ ሆኖ ይተረካል። ይህ ከፊል እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የቤት ቪዲዮ ማጫወቻዎች ምስላቸውን የሚያስገቡት በአንቴናው ቀዳዳ ስለነበር፣ ቴሌቪዥኑ አጠገቡ የተቀመጠውን መሣሪያ ከሩቅ ጣቢያ እንደሚመጣ ስርጭት ይቀበለው ነበር፤ ምስሉም በዚህ ዙር ይደበዝዝ ነበር። ዛሬም በብዙ የዲሽ ሪሲቨሮች ጀርባ የምናየው ቢጫ ገመድ ዙሩን አስቀረ። ሆኖም ብርሃንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ደርቦ ስለሚልክ፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያቸው በቅርጾች ጠርዝ ላይ ቀለም ይፈስሳል። ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ካወጣው ኤስ-ቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ጋር የተስፋፋው ኤስ-ቪዲዮ ሁለቱን ለያይቶ ላከ፤ ኮምፖነንት ደግሞ ምስሉን በሦስት ገመድ አከፋፈለው።

ጥራት ብቻውን ዳኛ ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አንድ ገመድ በመረጠ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። የፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አምራቾች ማኅበር ያዘጋጀውና በማኅበሩ ምህጻረ ቃል ስካርት የተባለው ባለ 21 እግር መሰኪያ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ከነድምፁ ማስተላለፍ ይችል ነበር። ፈረንሳይ ከ1980 ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንዲይዙት አስገደደች፤ ከዚያም በአውሮፓ ተስፋፋ። በአሜሪካ ገበያ ግን ቦታ አላገኘም። የሁለቱ አህጉር ሰዎች ዓይን አንድ ነው፤ የለያያቸው ደንብና የአምራቾች ስምምነት ነው።

ኤችዲኤምአይ ያሸነፈው በእርግጥ ስለሚሻል ነው የሚል ይኖራል። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ሰባት ኩባንያዎች በታኅሣሥ 2002 መመዘኛውን ያወጡለት ይህ ገመድ፣ ምስልና ድምፅን ወደ አናሎግ ሳይቀይር በአንድ መሰኪያ ያደርሳል። ነገር ግን ኮምፖነንትም ባለ 1080 መስመር ምስል መሸከም ይችል ነበር። የጎደለው የቅጂ መከላከያ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ግን ኢንቴል ከሠራው ኤችዲሲፒ ቁልፍ ጋር ይሠራል። የብሉሬይ ዲስኮች የጥበቃ ፈቃድ ከ2010 ማብቂያ በኋላ የሚመረቱ ማጫወቻዎች በአናሎግ መውጫ ከመደበኛ ጥራት በላይ እንዳያወጡ ከለከለ፤ ከ2013 ማብቂያ በኋላ ደግሞ መውጫውን ጨርሶ ዘጋው። በሩ የተዘጋው ገመዱ ስላቃተው አልነበረም።

ያለፈ ነገር ለዛሬ ገዢ ምን ይፈይዳል ቢባል፣ ገንዘቡን ያድንለታል። ዋጋ ጥራት ነው የሚለው እምነት የአናሎግ ዘመን ቅርስ ነው፤ ያኔ ደካማ ገመድ ምስሉን በእርግጥ ያደበዝዝ ነበር። ዲጂታል ምልክት ግን ሳይዛባ እስከደረሰ ድረስ ውድ ገመድም ርካሽ ገመድም አንድ ምስል ይሰጣሉ፤ ችግር ሲኖር ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያወጣል ወይም ይጠፋል እንጂ ቀለሙ ቀስ ብሎ አይወይብም። ስለዚህ የወርቅ ቅቡ ሳይሆን የተመሰከረለት ፍጥነት ይታይ፦ በሴኮንድ 60 ፍሬም ለሚያሳይ 4ኬ፣ በሴኮንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ይበቃል። አሮጌ ማጫወቻ ያለውም ሰው ኮምፖነንት ወይም ስካርት መውጫው ከቢጫው ገመድ ሊሻል እንደሚችል አውቆ ይጠቀምበት። ገበያው ያረጀ ያለው ሁሉ ደካማ አይደለምና፣ መሣሪያን ከመጣል በፊት ከአገልግሎት ያስወጣው አቅሙ ይሁን ውል መለየት ይገባል።